አይሱዙው ለጊዜው አይሸጥ

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ዕድሜዬ 46 ነው፤ ሥራዬ ቡና ቅምሻ ነው። ቀኝ ጆሮዬ ጭው ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ቆሽሾ መስሎኝ አስጠረግሁት። ኋላ ግን ስልክ በቀኝ ስይዝ ድምፁ ይሰማኛል እንጂ የሚባለው አይገባኝም። አልፎ አልፎ ስራመድ ወደ አንድ ጎን ይስበኛል። አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ስነሳ ‹አኩስቲክ ኒውሮማ፣ 1.6 ሴንቲ ሜትር› አሉኝ። አንዱ ሐኪም ‹በቀዶ ሕክምና ይውጣ› አለኝ። ሌላው ‹ላንቺ ጨረር ይሻላል፣ ጋማ ናይፍ ግን ውጭ ሄደሽ ነው› አለኝ። ወንድሜ የቤተሰቡን አይሱዙ ሸጬ ህንድ እወስድሻለሁ ብሎ ገዢ እያፈላለገ ነው። እናቴ ጭንቅላቷ አይከፈትም፣ ጠበል ትግባ ትላለች። እኔ የምፈራው ፊቴ እንዳይጣመም ነው። ከዚያም በላይ ጣዕም መለየት እንዳያቅተኝ እፈራለሁ። ምላሴ ከሄደ እንጀራዬ ሄደ ማለት ነው። የትኛውን ልምረጥ? ጨረሩስ ካንሰር አያመጣም? ለመሥሪያ ቤቴስ ልንገር?»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ለወንድምሽ ደውዪለት። ገዢ ማፈላለጉን ያቁም።

ደብዳቤሽን ደግሜ ያነበብኩት አንድ ነገር ፍለጋ ነበር፤ አኩስቲክ ኒውሮማ ያሉሽ ዕጢ እያደገ መሆኑን የሚናገር ነገር። የለም። በእጅሽ ያለው አንድ ኤምአርአይ ብቻ ነው። እሱ ዕጢው ዛሬ ስንት እንደሆነ ይነግርሻል። ዓምና ስንት እንደነበረ፣ ለከርሞ ስንት እንደሚሆን ግን አይነግርሽም። በዚህ መጠን ላይ ላለ ዕጢ ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ሐኪሞቹ ያልነገሩሽ፣ ወይም ነግረውሽ በድንጋጤ ያልሰማሽው ሦስተኛ መንገድ አለ። መጠበቅ ይባላል። ዝም ብሎ መተው ማለቴ አይደለም። በቀጠሮ ኤምአርአይ እየተነሱ፣ ጆሮን እያስለኩ መጠበቅ ነው። ለትንሽ ዕጢ በዓለም ላይ የታወቀ፣ ራሱን የቻለ የሕክምና መንገድ ነው። እኔ ፊልምሽን አላየሁም፣ ሐኪምሽንም አልተካም። በጻፍሽው ላይ ተመሥርቼ ግን ዛሬ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም እንድትመርጪ የሚያስገድድሽ ነገር አይታየኝም።

ዕጢው ካንሰር አይደለም። ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት አይሄድም። ከውስጠኛው ጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው ስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ ሁለት ሥራ አለው፤ መስማትና ሚዛን መጠበቅ። ዕጢው የሚበቅለው አብዛኛውን ጊዜ የሚዛኑን ክፍል ከሚሸፍነው ልባስ ላይ ነው። የሚያድገውም ቀስ ብሎ ነው፤ በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር። ለዓመታት ባለበት የሚቀርም ብዙ ነው። ችግሩ ቦታው ነው። ነርቩ የሚያልፍበት የአጥንት ቦይ ጠባብ ነው። በዚያው ቦይ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም ያልፋል። ከቦዩ ወጣ ሲል ደግሞ የአንጎል ግንድ አለ። ትንሽ ዕጢ ሆኖ ይህን ያህል ወሬ የሚያስነሳው ለዚህ ነው።

ይኼን ያመጣው ቡና ይሆን ብለሽ ከሆነ፣ አይደለም። አጥፍቼ ነው ብለሽም አትጨነቂ። አብዛኛው ሰው ላይ ያለ ምንም የታወቀ ምክንያት ነው የሚመጣው። በሁለቱም ጆሮ ሲወጣ ወይም በወጣትነት ሲመጣ ግን በዘር የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ይጠረጠራል። አንቺ 46 ዓመትሽ ነው፣ ዕጢውም በአንድ ጎን ነው። በቤተሰብሽ ተመሳሳይ ነገር ካለ ብቻ ለሐኪምሽ ንገሪ።

አሁን ወደ መጠበቁ ልመለስ፤ ምክንያቱም ወንድምሽ «ዕጢ ይዞ መቀመጥ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?» ማለቱ አይቀርም። እሱን የሚያስረዳልሽ አንድ ጥናት አለ። ኖርዌይ ውስጥ በርገን ላይ የተሠራ ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ሲጀምር አብረው ከቆሙት አንዱ ይኸው የበርገን ሆስፒታል ነው። ያየሽ ሐኪም የእነሱ ተማሪ ሊሆን ይችላል።) ጥናቱ ዕጢያቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ በሽታው በቅርቡ የታወቀላቸውን 100 ሰዎች ወሰደ። ግማሹ ወዲያው ጨረር ተደረገለት። ግማሹ በኤምአርአይ እየታየ ጠበቀ፤ ዕጢው ያደገበት ሰው ያኔ ጨረር ይሰጠዋል። አራት ዓመት ተከታተሏቸው።

ምን ተገኘ? ወዲያው ጨረር የወሰዱት ዕጢ በግልጽ አነሰ። በዚህ ጨረሩ አሸነፈ። ከጠበቁት ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዓመት ውስጥ ምንም ሕክምና አላስፈለጋቸውም። በመስማት፣ በፊት እንቅስቃሴና በኑሮ ጥራት በኩል ደግሞ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። የአንቺ 1.6 በዚህ ልክ ውስጥ ይገባል። ወንድምሽ አይሱዙውን ቢያቆየው አንቺን አልጎዳም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። መጠበቅ ጆሮሽን አያድንም። ዕጢው ባያድግም እንኳ መስማትሽ በዓመታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። ጨረርም ቢሆን ጆሮን አያድንም፤ ከጨረር በኋላ የሚጠቅም መስማት በአምስት ዓመት ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ታካሚዎች ላይ ነው የሚቆየው፣ ከዚያም እየቀነሰ ይሄዳል። ቀዶ ሕክምናውም እንደ ዕጢው መጠንና እንደሚገቡበት መንገድ ነው። የጠፋን መስማት የሚመልስ አንዱም የለም። ጭውታውንም በእርግጠኝነት አጠፋለሁ የሚልሽ ሰው ካለ ተጠራጠሪው።

ስለዚህ ምርጫውን ከጆሮሽ አንጻር ብቻ አትመልከቺው። አንቺም ደብዳቤሽ ላይ ያስቀደምሽው ፊትሽንና ምላስሽን ነው። ልክ ነሽ።

ምላስሽን እንይ። ከፊት ነርቭ ጋር ተጣብቃ የምትሄድ ቀጭን ነርቭ አለች። ከምላስ ፊተኛው ሁለት ሦስተኛ የሚመጣውን ጣዕም ወደ አንጎል የምታደርሰው እሷ ናት። ዓይን እንባ እንዲያወጣም ታዛለች። ዕጢው ራሱ፣ ቀዶ ሕክምናው ወይም ጨረሩ ይህችን ነርቭ ሊነካት ይችላል። ያን ጊዜ አንዳንድ ሰው አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ወይም ጣዕሙ ይደበዝዝበታል። ስለዚህ ፍርሃትሽ መሠረት አለው።

ግን ሦስት ነገር አስቢ። አንደኛ፣ ነርቧ የምታገለግለው የራሷን ጎን ብቻ ነው። የቀኙ ቢነካ የግራው ግማሽ ምላስሽ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የምላስ ኋለኛው ክፍል በሌላ ነርቭ ነው የሚሠራው፤ ይህን የሚያክል ዕጢ እዚያ አይደርስም። ሦስተኛውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ቡና ቀማሽ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአፍንጫው ነው። የሊሙን ከጅማው፣ የታጠበውን ከደረቁ የምትለዪው በመዓዛው ነው። ጉንፋን ሲይዝሽ ስኒው ሁሉ አንድ የሚሆንብሽ ለዚህ ነው። የማሽተት ነርቭ ደግሞ ያለው ሌላ ቦታ፣ ከአፍንጫ ጣሪያ ላይ ነው። ከዚህ ዕጢ ጋር አይገናኝም።

እኔ ለሥራሽ ይበልጥ የምሰጋው ለከንፈርሽ ነው። ከማንኪያ ላይ ቡናውን በኃይል ስቦ አፍ ውስጥ መርጨት፣ ከዚያ መትፋት፣ ይኼ ሁሉ የከንፈርና የጉንጭ ሥራ ነው። ቀኝ ከንፈርሽ ቢዝል ቡናው በጎን ይፈሳል፣ አየሩም ያመልጣል። ስለዚህ የፊት ነርቭሽ ለመልክሽ ብቻ ሳይሆን ለእንጀራሽም ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ይህን ተናገሪ። «ቡና ቀማሽ ነኝ፤ ከንፈሬና ምላሴ መሣሪያዬ ናቸው» በይ። ሐኪሙ የሚመርጥልሽን መንገድ ሊቀይር የሚችል መረጃ ነው፤ ካልነገርሽው አያውቀውም።

አሁኑኑ ቤት ውስጥ የምትሠሪው ነገርም አለ። ጨውና ስኳር በየተራ ውኃ ውስጥ አሟሚ። በጥጥ ነክረሽ የምላስሽን ቀኝ ፊት ንኪ፣ ቀጥሎ ግራውን። ልዩነት ካለ ጻፊው፣ ከነቀኑ። መስታወት ፊት ቆመሽ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ፈገግ በዪ፣ ከንፈርሽን አሹይ፤ በስልክ ቪዲዮ ቅረጪው። ነገ ሕክምና ብታደርጊ መነሻሽ የት እንደነበረ የሚታወቀው በዚህ ነው። ቀማሽ ነሽና ምላስሽን ከማንም ነርስ በተሻለ ትመዝኚዋለሽ።

አሁን ሁለቱን ሕክምናዎች ላስረዳሽ፤ ዕጢው ካደገ መምረጥሽ አይቀርምና።

ቀዶ ሕክምናው ዕጢውን ያወጣል። በሦስት መንገድ ይገባሉ። አንዱ ከጆሮ ኋላ ውስጠኛውን ጆሮ ሰንጥቆ ነው፤ ለሐኪሙ የፊት ነርቭን ቶሎ ያሳየዋል፣ የዚያን ጎን መስማት ግን ጨርሶ ያጠፋል። ሁለተኛው ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ የራስ ቅሉን ከፍቶ ነው፤ መስማትን ለማትረፍ ይሞከራል። ሦስተኛው ከጆሮ በላይ ሲሆን ቦዩ ውስጥ ለቀሩ ትንንሽ ዕጢዎች ነው። ሰዓታት የሚፈጅ ኦፕራሲዮን ነው። ዕጢው ከፊት ነርቭ ጋር ይጣበቃል። በደንብ ባልታጠበ ቡና ላይ የደረቀውን ልጋግ አስቢው፤ ፍሬውን ሳይጭሩ ማላቀቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። አስቸጋሪ ሲሆን ጎበዝ ሐኪም ነርቩ ላይ ያለችውን ቅሪት ትቶ ይወጣል። ይህ ድክመት አይደለም፣ ብልህነት ነው። የቀረችውን በኤምአርአይ ይከታተሏታል፣ ካደገች ጨረር ይሰጣታል።

ዕጢው ትንሽ ሲሆን የፊት ነርቭ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ግን ዕድሉ በግልጽ ይወርዳል። ሌሎቹ አደጋዎች የአንጎል ፈሳሽ በቁስሉ ወይም በአፍንጫ መፍሰስ፣ ማጅራት ገትር፣ የሚቆይ ራስ ምታት ናቸው። ማዞሩ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ከባድ ነው፤ ከዚያ አንጎል በሌላኛው ጆሮ መመራትን ይለምዳል። ፊት ከዛለ ደግሞ ዓይን አይከደንም፤ ዓይን እንዳይደርቅና እንዳይጎዳ ጠብታና ቅባት የግድ ነው።

ጨረሩ ሌላ ነው። ጋማ ናይፍ የስዊድኑ ቀዶ ሐኪም ላርስ ሌክሴል ከባልደረቦቹ ጋር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው መሣሪያ ነው። ስሙ ቢላዋ ቢሆንም ምንም አይቆርጥም። ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን የኮባልት ጨረሮች ከየአቅጣጫው መጥተው ዕጢው ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ጨረር ለብቻው ደካማ ነው፤ ኃይላቸው መገናኛው ላይ ነው። ለአኩስቲክ ኒውሮማ የተለመደው መጠን በአንድ ጊዜ ከ12 እስከ 13 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ነው። ብዙ ጊዜ ራስ ላይ በአካባቢ ማደንዘዣ የብረት ክፈፍ ይታሰራል። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሰው በማግሥቱ ቤቱ ነው። ጭንቅላት አይከፈትም፤ እናትሽ ይህን ቢሰሙ ትንሽ ይረጋጋሉ።

ነገር ግን ጨረር ዕጢውን አያወጣውም። ማደጉን ያስቆመዋል እንጂ። ከመቶ ሰው ዘጠና በሚበልጠው ላይ ይሳካል። በፊት ላይ ቋሚ ዝለት የሚያመጣው በዛሬው መጠን ከመቶ ጥቂቶች ላይ ብቻ ነው። ለአንቺ ከንፈር ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ግን ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ዕጢው ሊያብጥ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ኤምአርአዩን አይቶ «ከሸፈ» ይላል፣ ሲጣደፍም ላልተገባ ኦፕራሲዮን ይዳርጋል። አብዛኛው እብጠት በራሱ ይመለሳል። ከምር ከሽፎ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ግን፣ ጨረር ያገኘውን ዕጢ ከነርቩ ማላቀቅ ይበልጥ ያስቸግራል።

ካንሰር ያመጣል ወይ ላልሽው፤ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፣ ግን እጅግ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የታየው። የ25 ዓመት ልጅ ብትሆኚ ከፊትሽ ብዙ ዓመት ስላለ ይበልጥ አከብደው ነበር። በ46 ለብቻው ጨረርን የሚያስቀር ምክንያት አይመስለኝም።

እና ዕጢው ቢያድግ የቱን? እኔን ብትጠይቂኝ፣ ዕጢው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሆኖ ካደገ ወደ ጨረሩ አደላለሁ። ምክንያቴ ከንፈርሽ ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ የአንጎል ግንድን ከተጫነ፣ ወይም የአንጎል ፈሳሽ መውረጃውን ከዘጋ ግን ክርክር የለም፣ ቀዶ ሕክምና ነው። እዚያ ላይ «ቢላዋ ፈራሁ» ማለት አያዋጣም። «ይውጣ» ያለሽን ሐኪም አትቀየሚው። እኛ አገር ይህ ዕጢ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ገዝፎ ነው፤ ሰው መራመድ ሲያቅተው፣ ዓይኑ ሲደክም። ሐኪሞቻችን የለመዱት እሱን ነው፣ ለእሱም ትክክለኛው መልስ ማውጣት ነው። አንቺ በጊዜ መጣሽ። ትንሽ ዕጢ ይዞ መምጣት ብርቅ ነው፣ የምርጫሽ መብዛትም ከዚያ የመጣ ነው።

ስለ ህንዱ ጉዞ። ጋማ ናይፍ ህንድም፣ ግብፅም፣ ቱርክም አለ። ወንድምሽ የሚያስበው የትኬቱንና የሕክምናውን ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሚቀጥለውን ኤምአርአይ አላሰበም። የአስታማሚ ወጪ፣ ቪዛ፣ የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት፣ ምንዛሬ አለ። ቢያብጥ ማን ነው የሚያይሽ? እብጠት የሚቀንሰውን የስቴሮይድ መድኃኒት ማን ያዝልሻል? ከመሄድሽ በፊት እዚሁ የሚከታተልሽ ሐኪም ስም በወረቀት ላይ ይኑር። ደግሞም ቤተሰቡን የሚያበላውን መኪና ሸጦ ታክሞ መመለስ፣ ተመልሶም የዓመቱን ኤምአርአይ መክፈያ ማጣት አለ። ይህን ስል ጉዞው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ዕጢው ሲያድግ ከታየ ያኔ አይሱዙው ይነሳ፤ ብድሩም፣ ዕቁቡም፣ ዘመዱም ያኔ ይጠየቅ።

ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ጠይቂ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጨረር ሕክምና አለው። ለካንሰር የሚሰጠው የተለመደ ጨረርና ለዚህ ዕጢ የሚያስፈልገው አንድ እንዳልሆኑ ግን እወቂ። ሊናክ የሚባለው የተለመደው የጨረር ማሽን ራሱ ተገቢው መግጠሚያና የዕቅድ ሶፍትዌር ከተሟላለት፣ የሠለጠነ ባለሙያም ካለው፣ ትንሽ ዕጢን በሚሊ ሜትር ልክ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ «ማሽን አላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። «ጭንቅላት ውስጥ ያለ ትንሽ ዕጢን በአንድ ወይም በጥቂት ቀን ነጥሎ የሚመታ ጨረር ትሰጣላችሁ? ለአኩስቲክ ኒውሮማ ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ?» በይ። መልሱ አይደለም ከሆነ ሳትቀየሚ አመስግነሽ ውጪ።

ለቀዶ ሐኪሙም ጥያቄ አለሽ። ይህን ዕጢ፣ በዚህ መጠን፣ ስንት ሰው ላይ ሠርቷል? ከዓመት በኋላ ፊታቸው እንዴት ነው? ኦፕራሲዮኑ ላይ የፊት ነርቭን የሚከታተል መሣሪያ አለ? በየትኛው መንገድ ነው የሚገባው፣ ለምን? ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህቺን፦ «ስድስት ወር ብጠብቅ ምን አጣለሁ?» ጥያቄው የሚያስቆጣው ሐኪም ከሆነ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። ጎበዝ ሐኪም በጥያቄ አይናደድም።

የመጠበቁ ሥርዓት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ኤምአርአይ ከተነሳሽበት ቀን ስድስት ወር ቁጠሪ። ሁለተኛውን ያን ጊዜ ተነሺ። ከተቻለ በዚያው ማሽን፣ ዕጢውን በምስሉ ላይ አጉልቶ በሚያሳየው በዚያው ዓይነት መርፌ ይሁን፤ አለዚያ ልዩነቱ የዕጢው ይሁን የማሽኑ አይታወቅም። ከመርፌው በፊት ኩላሊትሽ ይታይ። ወረቀቱ ብቻ አይበቃሽም፣ ሲዲውን ተቀበዪ፤ ጅማ ያለው ሐኪምም ህንድ ያለውም ማየት የሚፈልገው እሱን ነው። 1.6 የተባለውም ቦዩ ውስጥ ያለውን ጨምሮ ነው ወይስ ከቦዩ ውጭ ያለውን ብቻ? ጠይቂ፤ ዕጢው በሁለት መንገድ ይለካል፣ ሁለቱ ልኬት ሲምታታ ያላደገው ያደገ ይመስላል። ብዙ ሐኪም ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ሲጨምር ነው አደገ የሚለው። ካላደገ በየዓመቱ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ከቆየ ደግሞ እያራቁ ይሄዳሉ። የመስማት ምርመራውን ከኤምአርአዩ ጋር አብረሽ አድርጊ።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮችም አሉ። ጠዋት ጠዋት ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ፊት ላይ መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ሲውጡ ማነቅ፣ አረማመድ በግልጽ መበላሸት። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ቤት ሂጂ። ጆሮሽ በአንድ ቀን ድንገት ከተዘጋ ደግሞ በማግሥቱ ሂጂ፤ ለድንገተኛ የመስማት መጥፋት የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው።

ስለ እናትሽ። ከእሳቸው ጋር አትከራከሪ። ጠበሉን ግቢ፣ ብታምኚበትም ለእሳቸው ስትዪም። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቂ፤ የኤምአርአዩ ቀን በጠበል ምክንያት አይተላለፍ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ደግሞ ሰው ይያዝሽ። ሚዛንሽ ደክሟል። «ጭንቅላቴ አሁን አይከፈትም፣ በቀጠሮ በፎቶ እየታየ ነው» በያቸው። እውነትም ነው።

በአንድ ጆሮ መኖር ራሱ ዘዴ ይፈልጋል። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በሁለት ጆሮ ነው። ስለዚህ ሂርማታ ገበያ አካባቢ መንገድ ስትሻገሪ ባጃጁ ከየት እንደመጣ ጆሮሽን አትመኚው፣ ዞረሽ እዪ። ቀኝሽን ወደ ግድግዳ አድርገሽ ተቀመጪ፤ ሰርግ ላይም፣ ስብሰባ ላይም። መብራት ሲጠፋ ሚዛንሽ ይባስ ይደክማል፤ አንጎልሽ አሁን ዓይንሽን ነው የሚደገፈው። ሌሊት ለመነሳት ባትሪ ከትራስሽ ሥር ይኑር። መራመድ አታቋርጪ፤ ሚዛንን የሚያሠለጥነው እንቅስቃሴ ነው። ቀኙ ጨርሶ ከሄደም ድምፁን ከቀኝ ተቀብሎ ወደ ግራ የሚያሻግር የጆሮ መሣሪያ አለ።

የመጨረሻ ጥያቄሽ፣ ለመሥሪያ ቤት። የበሽታውን ስም የመናገር ግዴታ የለብሽም። «ዕጢ» የሚለው ቃል ቢሮ ውስጥ በአንድ ቀን ወደ «ካንሰር» ይለወጣል፤ ከዚያ ማንም አያስቆመውም። ለቅርብ አለቃሽ ቀኝ ጆሮሽ እንደማይሰማ፣ ክትትል ላይ እንዳለሽ ንገሪ። የቅምሻው ጠረጴዛ ላይ ውጤት የሚጽፈው ሰው በግራሽ ይቁም። አሁን ቅምሻሽን የሚያስተጓጉል ነገር የለም፣ ቀጥዪ። ለሁለተኛው ኤምአርአይ ግን ፈቃዱን ካሁኑ ጠይቂ። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ቀናት ይወስዳል፤ ቀጠሮው አዲሱ ቡና በሚገባበት ሰሞን ላይ ከወደቀ «ሰው የለንም፣ ከርሞ ሂጂ» ማለታቸው አይቀርም።